ሃምሳ ሰዓት ሙሉ አራት ነጥብ ሁለት

ለመድኃኒትና ሕክምና መገልገያዎች ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኞ፤ ባለቤቴ ባረፈች በመቶ አርባ አንደኛው ቀን። (የወሩን ቀን የመዝገብ ቤቱ ማኅተም ይምታበት፤ የእኔ አቆጣጠር ይኼ ነው።)

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ የሞተችው በእኔ እጅ ስህተት ነው የሚለው ቃል ከመዝገብ እንዲሰረዝ፣ ያላየውን አየሁ ብሎ የመሰከረብኝ ሶፍትዌር ባለቤትም በስሙ ቀርቦ እንዲጠየቅ ስለማመልከት

ክቡር ኃላፊ፣

የመጀመሪያውን ማመልከቻ የጻፈልኝ ከበራችሁ ውጭ ጃንጥላ ተክሎ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። እኔ «ዋሽተዋል» ስለው «የመረጃ ልዩነት ተስተውሏል» ብሎ ጻፈ። «ስሜን አጠፉት» ስለው «ቅር ተሰኝቻለሁ» አለ። ቅር የሚሰኝ ሰው ሌላ ነው፤ እኔ አይደለሁም። ስለዚህ ይህንን በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ፊደሌ ይንጋደዳል፣ ነገሬ ግን አይንጋደድም። ጸሐፊው አንድ ምክር ለግሶኛል፦ «አባት፣ ኃላፊን ሲናገሩ መጀመሪያ ክቡር ይበሉ፣ ከዚያ የፈለጉትን ይበሉ።» ክቡር ብያለሁ። አሁን የፈለግኩትን እላለሁ።

1. እኔ ጡረታ የወጣሁ የማቀዝቀዣ ክፍል ጠባቂ ነኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሥጋና ዓሣ የሚቀመጥበትን ክፍል ጠብቄአለሁ። ሥራዬ በየሁለት ሰዓቱ ገብቼ ቴርሞሜትሩን ማየትና ያየሁትን ቁጥር ደብተር ላይ መጻፍ ነበር። ፊደል ሳልቆጥር ቁጥር አውቅ ነበር። ባለቤቴ «በረዶው» ትለኝ ነበር፤ በሥራዬም በጠባዬም።

2. ባለቤቴ የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። ዓይኗ ሲደክም መርፌዋን እኔ ያዝኩ። ጠዋትና ማታ፣ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር። በየጊዜው ከጣቷ ደም ጠብ አድርጌ በትንሿ መለኪያ የስኳሯን ልክ አያለሁ፣ መርፌው ላይ ያለውን መስመር በመስኮቱ ብርሃን አነባለሁ፣ እወጋታለሁ፣ እጽፋለሁ። ደብተሩ ተያይዟል። ስወጋት «እጅህ ቀዝቃዛ ነው» እያለች ትነጫነጭ ነበር እንጂ አሳመምከኝ ብላ አታውቅም።

3. ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። አንድ ሰኞ ከጤና ጣቢያችን መድኃኒት ቤት ሁለት ብልቃጥ ኢንሱሊን ተቀበልኩ። የቤቱ አልቆ ስለነበር ማክሰኞ ጠዋት ከአዲሱ ጀመርኩ። ማክሰኞ ማታ ስኳሯ ሁለት መቶ ስልሳ። ረቡዕ ሦስት መቶ አርባ። ሐሙስ ደግፌ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ «መጠኑን ይጨምሩላት» አሉኝ፣ ጨመርኩ። ከዚያው ብልቃጥ ነው የጨመርኩት። ዓርብ ማታ ትንሿ መለኪያ ቁጥር መስጠት ትታ «ከልኬ በላይ ነው» የሚለውን ምልክቷን አሳየች። በመኪና ሆስፒታል አደረስኳት። እሁድ ጠዋት አረፈች።

ክቡር ኃላፊ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ይያዙልኝ። ያቺ መዳፍ የማትሞላ መለኪያ የማታውቀው ላይ ስትደርስ «አላውቅም» አለች። እርሷ ያላትን ሐቀኝነት ያህል የመድኃኒት ቤቱን ማቀዝቀዣ በሶፍትዌር እጠብቃለሁ የሚለው ባለ ብዙ ፎቁ ድርጅት ቢኖረው ኖሮ ይህንን ወረቀት አልጽፍም ነበር።

4. የመድኃኒቱን ጥራት እንድትመረምሩ አመለከትኩ። ከጽሕፈት ቤትዎ የደረሰኝ መልስ ቃል በቃል ይህ ነው፦ «የማቀዝቀዣው ዲጂታል መዝገብ ያልተቋረጠ 4.2 ዲግሪ የሚያሳይ በመሆኑ የመድኃኒቱ ጥራት ያልተጓደለ ሆኖ ተገኝቷል። ስለሆነም ሞቱ በቤት ውስጥ በተፈጸመ የአወሳሰድ ጉድለት ሊሆን እንደሚችል ተገምግሟል።»

«በቤት ውስጥ» ያላችሁት እኔን ነው። በቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

ከደብዳቤው አንድ ቅጂ ሌላ ከተማ ላለችው ልጃችን ልካችኋል። ደወለችልኝ። «አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ አልቆጣህም። ቁጥሩን በትክክል ታነበው ነበር?» አለችኝ። አልቆጣህም አለችኝ፣ ክቡር ኃላፊ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስትደውል ስለ አየሩ ትጠይቀኛለች።

5. መዝገቡን አያለሁ ብዬ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። የመድኃኒት ቤቷ ሠራተኛ ጨዋ ልጅ ናት፤ አትማ ሰጠችኝ። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ መስመር ነው። መድኃኒቱን ከተቀበልኩበት ሰኞ በፊት የነበረው ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት 4.2 ይላል። ዘጠኝ ተኩል 4.2። አሥር ሰዓት 4.2። እንዲህ እያለ እስከ እሁድ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ወረደ። ሃምሳ ሰዓት። መቶ አንድ መስመር ቆጠርኩ፤ አላመንኩም፣ ደግሜ ቆጠርኩ።

እናንተ ይህንን አይታችሁ «ያልተቋረጠ» ብላችሁ አመሰገናችሁት። እኔ ሳየው ጀርባዬ በረደኝ። ማቀዝቀዣ ይተነፍሳል። በሩ ሲከፈት ይወጣል፣ ሞተሩ ሲነሳ ይወርዳል፣ ቀን ሌላ ነው፣ ሌሊት ሌላ። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ሦስት ጊዜ ተከታትሎ አንድ ዓይነት ቁጥር ከጻፍኩ አራተኛው ላይ ቴርሞሜትሩን በጣቴ እመታው ነበር፤ ሞቶ እንደሆን ብዬ። መቶ አንድ ጊዜ አንድ ዓይነት የሚል ማቀዝቀዣ የለም። እንዲህ ያለ ውሸታም ጠባቂ ግን አለ። ከየት እንዳወቅኩት በቁጥር 9 እናገራለሁ።

6. (ይህ ቁጥር ተሰርዟል። ስለ መርማሪዎቻችሁ ዓይን የተጻፈ ስድብ ነበረበት። የሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ ፊርማዬ አጠገቡ አለ። በአንድ መስመር ብቻ ስለሰረዝኩት ከሥሩ ማንበብ ለሚፈልግ ይነበባል።)

7. በእነዚያ ቀናት ምን ነበር ብዬ ሠራተኛዋን ጠየቅኳት። «አባቴ፣ ዕረፍት ላይ ነበርኩ። ክፍሉ ቀለም ሲቀባ ነበር። ግን በስልኬ እየደጋገምኩ አየው ነበር፤ አረንጓዴ ነው፣ 4.2 ነው ይለኛል» አለች። ስልኳን አሳየችኝ።

ቀለም ቀቢውን ፈልጌ አገኘሁት፤ ሌላ ሕንፃ ላይ መሰላል ወጥቶ ነበር። ወርዶ ነገረኝ። ዓርብ ማቀዝቀዣውን ወደ ክፍሉ መሐል ስቦ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈችውን ነጭ ሳጥን ነቅሎ ባልዲ ውስጥ አስቀመጠ። ያቺ ሳጥን ናት የማቀዝቀዣውን ቁጥር ወደ ድርጅቱ የምትልከው። እሱ የመብራት ነገር መስላው ነበር።

ቀጥሎ ያለውን በራሱ ቃል ልጻፈው፦ «ሙቀቱ አላስቀምጥ አለኝ አባቴ። ውሃዬን ላይኛው መደርደሪያ ላይ ከብልቃጦቹ ጎን ሸጎጥኩና ቶሎ ይቀዝቅዝልኝ ብዬ ማዞሪያውን እስከ ጥጉ ጠመዘዝኩት። ከዚያ ረሳሁት፣ ከጓደኛዬ ጠጣሁ። እሁድ ሥራ ጨርሼ ላወጣው ስል ጠርሙሱ አብጦ ግግር ሆኗል። ማዞሪያውን መለስኩ፣ ሳጥኗንም መልሼ ለጠፍኩ። ለማን ልናገር? ውሃ ቀዘቀዘ ተብሎ ይነገራል እንዴ?»

መሰላሉን የያዘበትን እጁን አየሁት። ልመታው ተነስቼ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ሰውዬው እኔ ሳልጠይቀው «የት ልፈርም?» አለ። ፈርሟል፤ ተያይዟል። ሠራተኛዋም «ስልኬን አመንኩ እንጂ በሩን ከፍቼ አላየሁም፤ ሰኞም ስመጣ አራት ስለሚል ዝም ብዬ አደልኩ» ብላ ጽፋ ፈርማለች። እንጀራዋን እንደሚያሳጣት እያወቀች ነው የፈረመችው።

ክቡር ኃላፊ፣ ውሃ በአራት ነጥብ ሁለት ዲግሪ ድንጋይ አይሆንም። ይህንን ለማወቅ ትምህርት ቤት አያስፈልግም። በብልቃጡ ካርቶን ላይ ደግሞ «በረዶ አይሁን፣ በረዶ የነካው አይወጋ» ተብሎ ተጽፏል፤ ለማያነብ በሥዕል ጭምር። ከቀለጠ በኋላ ተራ ውሃ መስሎ ነው የሚታየው። እኔ ባለቤቴን አራት ቀን ሙሉ በተበላሸ ውሃ ወጋኋት። በትክክለኛው መስመር፣ በትክክለኛው ሰዓት።

8. ወደ ድርጅቱ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ነው። ተቀምጠው ለመነሳት የሰው እጅ የሚያስፈልግበት ዝቅተኛ ወንበር አላቸው፤ ስለዚህ ቆሜ ጠበቅኩ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን አለ፣ ነጥብ የሞላበት። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቦታ ያለ ማቀዝቀዣ ነው አሉኝ፤ ሦስት መቶ አርባ። ሁሉም አረንጓዴ። እኔ ስምንት ክፍል ስጠብቅ ስምንቱም ደህና ሆነው የዋሉበትን ቀን በጣቴ እቆጥረዋለሁ። እነሱ ሦስት መቶ አርባውም ደህና ነው።

ጠረጴዛ ላይ ያለው ሰው «አባባ፣ ሲስተሙ እንደዚያ ካለ እንደዚያ ነው» አለኝ።

«ይኼ ሲስተም የምትለው የት ነው የሚቀመጠው? ላነጋግረው» አልኩት።

ሳቀ። «ሰው አይደለም እኮ አባባ።»

«ሰው ካልሆነ ታዲያ ለምን ይመሰክርብኛል?» አልኩት። ሳቁን አቆመ። ኃላፊዋን ጠራ።

ኃላፊዋ ውሃ አቀረበችልኝ። ቀዝቃዛ ውሃ። አልጠጣሁም። ቀጥሎ እንዲህ አለች፦ «ግንኙነት ሲቋረጥ ሶፍትዌሩ የመጨረሻውን የታመነ ቁጥር ይዞ ይቆያል። ይህ ጉድለት አይደለም፣ አሠራር ነው። ድሮ በተቋረጠ ቁጥር ማንቂያው ይጮህ ነበር፣ ደንበኞች ጩኸቱ በዛብን ብለው አማረሩ፤ ስለዚህ አስተካከልነው።»

ይህንን ስትናገር ድምጿ የኩራት ነበር። የሚጮኸውን ውሻ ምላሱን ቆርጠው ግቢው ሰላም ሆነ ብለው ሸጡት ማለት ነው። ማን ነው ያስተካከለው ብዬ ጠየቅኩ። «ቡድኑ» አለች። ቡድኑን ማን አዘዘው? «የምርት ክፍሉ።» የምርት ክፍሉ አለቃ ማን ይባላል? «ያንን መግለጽ አንችልም።» የእኔን ስም ግን እናንተ ደብዳቤ ላይ ከነአያቴ ጽፋችሁታል።

8.1. ይባስ ብሎ የሆነውን ልንገርዎ። ድርጅቱን አነጋግሬ ከተመለስኩ በሦስተኛው ሳምንት ሠራተኛዋን የእነዚያኑ ቀናት መዝገብ ደግማ እንድታትምልኝ ለመንኳት። ያው ዓርብ፣ ያው ቅዳሜ፣ ያው እሁድ። አሁን መስመሩ ይወዛወዛል! 4.1 ይላል፣ 4.3 ይላል፣ አንዴ 4.4 ወጥቶ ይመለሳል። ልክ እንደሚተነፍስ ማቀዝቀዣ። በኃላፊዋ ፊት «እውነተኛ ማቀዝቀዣ ይወዛወዛል» ያልኩት እኔ ነኝ፤ አስተማርኳቸው ማለት ነው። ሠራተኛዋ ደውላ ስትጠይቅ «አዲሱ ማሻሻያ የተቋረጠውን ክፍተት በግምት ይሞላል፤ ለተጠቃሚ ምቾት ነው» ብለዋታል።

ሁለቱም ወረቀት ተያይዟል። ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። የመጀመሪያው ውሸት የሰነፍ ነው። ሁለተኛው የሌባ ነው። የተለወጠው ላይ መስመር አልተሰረዘም፣ ስም የለም፣ ፊርማ የለም፣ የተለወጠበት ቀን የለም። ሦስት መቶ አርባ ማቀዝቀዣ ዛሬ በዚህ ዓይነት እየተጠበቀ ነው፤ በሰው ቤት ማን ምን እየተወጋ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

9. አሁን የራሴን ልናገር። ይህንን ጸሐፊው «አይጻፉት፣ ይጎዳዎታል» ብሎኛል። እጽፈዋለሁ።

በሥራ በሁለተኛ ዓመቴ አንድ ቀን ከማቀዝቀዣው ክፍል ይልቅ የጥበቃ ቤቱ ምድጃ ጣመኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳልገባ ተቀምጬ ስድስት መስመር ደፍኜ ሞላሁ፤ ስድስቱንም አንድ ዓይነት ቁጥር። አለቃችን ስሙ ሌላ ነበር፣ እኛ ግን «አንድ መስመር» ነበር የምንለው። ደብተር ላይ የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ብቻ እንዲሰረዝ፣ ከሥሩ እንዲነበብ፣ የሰረዘውም አጠገቡ እንዲፈርም ያስገድደን ነበር። «አጥፍቶ የጻፈ ሰው ሁለት ጊዜ ሰርቋል» ይላል። ያን ዕለት ደብተሬን አየና «ይኼ ክፍል ሞቷል እንዴ? የማይተነፍስ ክፍል አላየሁም» አለኝ። ከሥራ አላባረረኝም። «በእያንዳንዱ መስመር ጎን ‹አላየሁም› ብለህ ጽፈህ ነገ ታመጣለህ» አለኝ።

መጻፍ አልችልም ነበር። ሰው አለማወቄን እንዳያውቅ ደብተሩን ልብሴ ውስጥ ሸሽጌ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ያኔ አዲስ ሙሽራዬ ናት። አልሳቀችም። እጄን በእጇ ይዛ አንድ ጊዜ አጻፈችኝ፤ አምስቱን ብቻዬን ጻፍኩ። ስሜን እንኳን መጻፍ ሳልችል የመጀመሪያ የጻፍኩት ቃል «አላየሁም» ነው። ከዚያ በኋላ በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ያላየሁትን ቁጥር አንድም ቀን አልጻፍኩም።

በባለቤቴ ደብተር ውስጥም ቢፈልጉ ያገኙታል። አንድ ቀን እንቅልፍ ወስዶኝ ሁለት ሰዓት ዘግይቼ ወግቻታለሁ፤ ተጽፏል። ሦስት ቀን የመለኪያው ባትሪ አልቆ ስኳሯን ሳላይ ቀርቻለሁ፤ በሦስቱም ቀን «አላየሁም» ይላል። የእኔ ደብተር ስህተት አለበት፣ ክቡር ኃላፊ። የእነሱ መዝገብ ስህተት የለበትም። የትኛው እንደሚታመን ማቀዝቀዣ ጠብቆ የሚያውቅ ማንንም ሰው ይጠይቁ።

10. ስለዚህ የምጠይቀው ይህንን ነው። ካሣ አይደለም፤ ካሣ ልስጥህ ብሎ የሚመጣ ካለ በሬን አልከፍትለትም።

ሀ. «በቤት ውስጥ በተፈጸመ የአወሳሰድ ጉድለት» የሚለው ቃል ይሰረዝ። አይጥፋ፣ ይሰረዝ። በአንድ መስመር። ከሥሩ ይነበብ፣ የጻፈውም አጠገቡ ይፈርም። ልጄ የተሰረዘውን እንድታየው እፈልጋለሁ።

ለ. የማንቂያውን ድምፅ እንዲዘጋ ያዘዘው፣ ቀጥሎም ክፍተቱን በግምት እንዲሞላ ያዘዘው ሰው በስሙ ይቅረብ። ቡድን አይደለም። ሲስተም አይደለም። እናት የወለደችው አንድ ሰው ይህንን ወስኗል። መቶ አንዱ መስመር በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ፊቱ ይቀመጥለትና በእያንዳንዱ ጎን «አላየሁም» ብሎ በእጁ ይጻፍ። እኔ ስድስት መስመር ጽፌ ሰው ሆኛለሁ፤ እሱም ይሞክረው።

ሐ. ሦስት መቶ አርባው ማቀዝቀዣ ዛሬውኑ በሰው ዓይን ይታይ። በሩ ተከፍቶ።

መ. ቀለም ቀቢውና የመድኃኒት ቤቷ ሠራተኛ ስለፈረሙ እንዳይቀጡ። በዚህ ነገር ውስጥ እውነት ተናግሮ የፈረመ እነሱ ብቻ ናቸው። እነሱን ቀጥታችሁ ድርጅቱን ካለፋችሁት ከእንግዲህ በዚህ አገር የሚፈርም አይኖርም።

መልስ እስካገኝ ድረስ በየሰኞው ጠዋት እመጣለሁ። ከመዝገብ ቤቱ በር ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር፣ አንድ እግሩ አጭር የሆነው፣ የእኔ ነው። ጸሐፊዎ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትለኝ በሩን አንኳኩቼ አያለሁ። ሳላይ አላምንም።

ሰላም ባይኖረኝም ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የሟች ባል፣ የቀድሞ የማቀዝቀዣ ክፍል ጠባቂ

ተያይዞ የቀረበ፦ የባለቤቴ የመርፌ ደብተር፤ የመጀመሪያው የመዝገብ ወረቀት፣ የማይተነፍሰው፤ ሁለተኛው የመዝገብ ወረቀት፣ የተማረው፤ የቀለም ቀቢውና የሠራተኛዋ ቃል ከነፊርማቸው፤ የብልቃጡ ካርቶን።

ግልባጭ፦ ለልጄ። (እማይዬ፣ ደብተሩን ካነበብሽ በኋላ ደውይልኝ። ስለ አየሩ ግን አትጠይቂኝ።)

ማሳሰቢያ፦ ከዚህ በታች ያለው ባዶ መስመር ለድርጅቱ ኃላፊ ስምና ፊርማ የተተወ ነው። ካልመጣ ባዶውን ተዉት። ማሽኑ እንዳይሞላው።

_______________________